የጨጓራ ቀለበት ገብቶለት ክብደቱ ያልቀነሰው ወጣት፦ ጂን በክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና ላይ ያለው ድርሻ

መነሻ

አንድ ዓይነት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሁለት ሰዎች እኩል ኪሎ አይቀንሱም። ሐኪሙ አንድ ሊሆን ይችላል። የምግብ መመሪያውም አንድ ሊሆን ይችላል። ከዓመት በኋላ ግን አንዷ ልብሷ ሁሉ ሰፍቷት ሌላ ሰው ትመስላለች። ሌላዋ ትንሽ ቀንሳ ትቆማለች፤ ከዚያም ክብደቱ ቀስ እያለ ይመለስባታል። ያኔ ዘመድ አዝማድ ፍርድ ለመስጠት አይዘገይም። «ሆዷን አትችልም» ይባላል። «ይህን ሁሉ ስቃይ አይታ አሁንም ትበላለች» ይባላል። እሷም ታምነዋለች። አፍራ ሐኪሟ ጋ መሄድ ትተዋለች።

ይህን ፍርድ በሰማሁ ቁጥር የአንድ ወጣት ጉዳይ ይታወሰኛል። ወጣቱ የታከመው አሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው። ያከሙትና ያጠኑት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጉዳዩን በ2011 በሕክምና መጽሔት አውጥተውታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የወጣቱ ስም አልተጻፈም፤ እኔም ስለ ማንነቱ አልገባም። የምንፈልገው ሰውነቱ ያስተማረውን ነው። እሱም ከመቶ ገጽ ንድፈ ሐሳብ በላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወጣቱና የተገኘበት ነገር

ወጣቱ በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ላይ ነበር። ውፍረቱ በልጅነቱ የጀመረ ነው፤ በጣም ከባድ የሚባልም ነበር። ከሌሎች ታካሚዎች የሚለየው ግን ክብደቱ አይደለም። የጂን ምርመራ ተደርጎለት መልስ መገኘቱ ነው።

ሰው አብዛኛውን ጂን በሁለት ቅጂ ይይዛል። አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት ይመጣል። ኤምሲ4አር የሚባል ጂን አለ። የሚገኘው 18ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። የዚህ ወጣት ሁለቱም የኤምሲ4አር ቅጂዎች አይሠሩም ነበር። ባለሙያዎቹ ይህን «ሙሉ የኤምሲ4አር እጥረት» ይሉታል።

አንዱ ቅጂ ብቻ የተበላሸበት ሰው ብዙም ብርቅ አይደለም። በእንግሊዝ ብሪስቶል አካባቢ የተወለዱ ልጆችን የተከታተለ ጥናት በ2021 ውጤቱን አውጥቶ ነበር። ከ337 ሰው አንዱ ሥራውን የሚያጓድል የኤምሲ4አር ለውጥ ይዞ ተገኘ። እነዚህ ልጆች 18 ዓመት ሲሞላቸው ከእኩዮቻቸው በአማካይ 18 ኪሎ ገደማ ይከብዱ ነበር። 18 ኪሎ ቀላል አይደለም። ወላጆቻቸው «ቤታችን ውስጥ ምን አጠፋን?» እያሉ ስንት ሌሊት እንዳደሩ አስቡት።

ሁለቱም ቅጂ የተበላሸበት ሰው ግን በጣም ጥቂት ነው። ለዚያ እናትም አባትም የተበላሸ ቅጂ መያዝ አለባቸው። ሁለቱም ያንኑ ለልጁ ማውረስ አለባቸው። እንዲህ ያለው ነገር የቅርብ ዘመዳሞች በሚጋቡበት ማኅበረሰብ ይበዛል። የኛ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሰባት ቤት የሚያስቆጥሩበት ልማድ በዚህ በኩል ሲታይ ትልቅ ጥቅም አለው። የማይዛመዱ ወላጆችም ቢሆኑ በአጋጣሚ ሊገጥማቸው ይችላል።

ይህ ጂን ከውፍረት ጋር መያያዙ የታወቀው በ1998 ነው። ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ቡድን፣ እንግሊዝ ካምብሪጅ ላይ ሌላ ቡድን በአንድ ወቅት ደረሱበት። ከፈረንሳዩ ቡድን አንዱ ክሪስቲያን ቬስ ይባላል። ኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ የዚህን ወጣት ጉዳይ ካቀረቡት ተመራማሪዎች አንዱ የሆነውም እሱ ነው። ጂኑ ከውፍረት ጋር መያያዙን ከደረሱበት አንዱ፣ ያ ጂን ፈጽሞ የማይሠራበት ሰው ቀዶ ጥገና ሲደረግለት ለማየት በቃ። ጉዳዩ የታተመው ከ13 ዓመት በኋላ ነው።

በ2003 የካምብሪጁ ቡድን በልጅነታቸው ከባድ ውፍረት የያዛቸውን 500 ሰዎች መረመረ። 5.8 በመቶዎቹ የኤምሲ4አር ለውጥ ተገኘባቸው። የነዚህ ልጆች መልክ ይመሳሰላል። ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ረሃባቸው አይበርድም። ቶሎ ይረዝማሉ። ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻቸውም ይበዛል። ኢንሱሊናቸው ከፍ ይላል። ሁለቱም ቅጂ የተበላሸባቸው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ይጎዳሉ።

ጥጋብ እንዴት ይመጣል?

ችግሩን ለመረዳት የጥጋብን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። የሰውነት ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጭነት አይደለም። ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ይልካል። ሌፕቲን የተገኘው በ1994 ኒው ዮርክ ውስጥ ነው። በደም አድርጎ አንጎል ይደርሳል፤ ሃይፖታላመስ ወደሚባለው ትንሽ ክፍል ይገባል። እዚያ ያሉ የነርቭ ሴሎች «በቂ ስንቅ አለ» የሚለውን ወሬ ይቀበላሉ። ከዚያ ራሳቸው ሌላ መልእክት ይልካሉ። ያ ሁለተኛው መልእክት የሚያርፈው ያ ጂን በሚያሠራው፣ ራሱም ኤምሲ4አር በተባለው ተቀባይ ላይ ነው። ተቀባዩ ሲነቃ ሰው ይጠግባል። ሰውነቱም ኃይል ማቃጠሉን አይቀንስም።

አሁን ተቀባዩ የለም እንበል። መልእክተኛው ደጅ ድረስ ይመጣል። ያንኳኳል። የሚከፍትለት የለም። ወጣቱ የቱንም ያህል ስብ ቢይዝ፣ አንጎሉ ከራብ ዘመን እንዳልወጣ ሰው ነው የሚያስበው። እንዲህ ያለውን ሰው «ትንሽ ብላ፣ ስፖርት ሥራ» ማለት ቀላል ነው። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ የሚታገለው ፍላጎቱን ሳይሆን እውነተኛ ረሃብን ነው።

ይህ ተቀባይ ሥራው ጥጋብ ብቻ አይደለም። ወደ ውስጥ አካላት የሚሄዱ ነርቮችንም ያዛል። በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የተበላሸ ኤምሲ4አር ያላቸው ሰዎች ይህን ያህል ወፍረው እንኳ የደም ግፊታቸው ዝቅ ያለ ነው። ከባድ ውፍረት ኖሮት ግፊቱ የማይጨምር ወጣት ሲገኝ፣ እኔ ሐኪም ብሆን ጆሮዬ ይቆም ነበር።

የተወሰደው እርምጃ

ወጣቱ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ተደረገለት።

የመጀመሪያው የጨጓራ ቀለበት ነው። በትናንሽ ቀዳዳዎች ገብተው፣ ከጨጓራው አናት ላይ የሲሊኮን ቀለበት ያስራሉ። ከቀለበቱ በላይ ትንሽ ከረጢት ትቀራለች። ከቆዳ ሥር የምትቀበር መርፌ መውጊያ አለች። በሷ በኩል የጨው ውሃ ሲጨመር ቀለበቱ ይጠብቃል፤ ሲወጣ ይላላል። ምግብ ቀስ ብሎ ያልፋል። ሰውየው ጥቂት በልቶ ጨጓራው የሞላ ይመስለዋል። በዚያ ዘመን ይህ ሕክምና አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ይሠራ ነበር። ሆድ ዕቃ አይቆረጥም፤ ካስፈለገ ቀለበቱ ይወጣል። ለወጣት ታካሚ የተሻለ የመሰላቸው ሐኪሞች ብዙ ነበሩ።

ሁለተኛው የቬገስ ነርቭን መቁረጥ ነው። ቬገስ ከአንጎል ወርዶ ጨጓራን፣ ጉበትንና ቆሽትን የሚያገናኝ ረጅም ነርቭ ነው። ጨጓራ ጋ ሲደርስ ሁለት ግንድ ይሆናል። ሁለቱም ግንዶች ተቆረጡ። ሐሳቡ የመጣው ከኢንሱሊን ነው። ቬገስ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ይገፋፋል። ኢንሱሊን ሲበዛ ስብ ይከማቻል። ኤምሲ4አር በሌለበት ሰውነት ኢንሱሊን እንደሚበዛ ደግሞ ከላይ አይተናል። ስለዚህ ያንን ግፊት ከምንጩ መቁረጥ ምክንያት ያለው ሙከራ ነበር። ቬገስን ቆርጦ ውፍረትን ማከም አዲስ ሐሳብም አልነበረም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ተሞክሯል።

እነዚህ ሐኪሞች በጭፍን እንዳልሄዱ መናገር እፈልጋለሁ። ሌላ አማራጭ በሌለበት ሰዓት አንድ ወጣት እንዲሁ ሲታፈን ከማየት መሞከርን መርጠዋል።

ውጤቱ

ዘላቂ የክብደት መቀነስ አልመጣም። ቀለበቱም የነርቩ መቆረጥም ወጣቱን ከነበረበት አላወጡትም።

ይህን ከሌሎች ጋር ማነጻጸር ይረዳል። በስዊድን ከ1987 ጀምሮ የተካሄደ ትልቅ ክትትል አለ። በ2007 የወጣው ውጤቱ እንዲህ ይላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ባይፓስ (ጨጓራን አሳንሶ ምግብ የአንጀትን መጀመሪያ ዘሎ እንዲያልፍ የሚያደርግ ቀዶ ጥገና) የተሠራላቸው ሰዎች በአማካይ 25 በመቶ ክብደታቸውን እንደቀነሱ ነበሩ። ቀለበት የገባላቸው ደግሞ 14 በመቶ። ቀለበት ከሌሎቹ ደከም ያለ ነው። ቢሆንም አማካዩ ታካሚ ከአሥር ዓመት በኋላም ትርፍ ይዞ ይገኛል። ወጣታችን ያንን ትርፍ አላገኘም።

የሠራው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ምርመራው። ቀዶ ጥገናው ለምን እንደከሸፈ ሊያስረዳ የሚችል ነገር ሰጥቷቸዋል። ምርመራው ባይኖር ኖሮ ፋይሉ ላይ ምን ይጻፍ እንደነበር መገመት አያዳግትም። «ታካሚው መመሪያውን አልተከተለም» ይባል ነበር። ስንት ፋይል ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ያለ ምርመራ ተጽፏል?

ጥፋቱ የጂኑ ነው ወይስ የቀዶ ጥገናው?

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። አንድ ሰው አንድ ሰው ነው። ይህ ጉዳይ ብቻውን «ኤምሲ4አር ከሌለ ቀዶ ጥገና አይሠራም» አያሰኝም። ለዚህ ሁለት ምክንያት አለኝ።

አንደኛው የቀዶ ጥገናው ዓይነት ነው። ቀለበት ምግብን ያዘገያል እንጂ የአንጀትን ሆርሞኖች ብዙ አይነካም። ባይፓስ ሌላ ነው። ጨጓራው ወደ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ትንሽ ከረጢት ይቀየራል። ምግቡ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ዘሎ ያልፋል። ያኔ ከአንጀት የሚወጡ የጥጋብ ሆርሞኖች ይጨምራሉ። ስሊቭ የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ ያወጣል፤ እንደ ቱቦ ያለ ጠባብ ጨጓራ ይቀራል። ወጣቱ ከነዚህ አንዱን ቢያገኝ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

ሁለተኛው ነርቩ ነው። ይህ እኔን ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ከቬገስ ክሮች አብዛኞቹ መልእክት የሚወስዱት ከሆድ ወደ አንጎል ነው። ጨጓራ ሲለጠጥ «ሞላሁ» የሚለው በነሱ በኩል ነው። ቀለበቱ እንዲሠራ የተፈለገው ይህን ስሜት በትንሽ ምግብ እንዲያመጣ ነው። ነርቩ ሲቆረጥ ወደ ቆሽት የሚሄደው ትእዛዝ ብቻ አይደለም የሚቆመው። ከጨጓራ የሚመጣው ወሬም አብሮ ይቆረጣል። አንዱ ሕክምና የሌላውን መንገድ ዘግቶ ሊሆን ይችላል ብዬ አስባለሁ። ይህ የኔ ግምት ነው። ሁለት ነገር በአንድ ቀን ሲደረግ የትኛው ጠቀመ፣ የትኛው ጎዳ ብሎ መለየት እንደሚከብድ ግን ማንም አይክደውም።

የእንስሳት ጥናቶችም አንድ መልስ አይሰጡም። በ2012 የቦስተን ተመራማሪዎች ኤምሲ4አር ፈጽሞ የሌላቸውን አይጦች ባይፓስ ሠሩላቸው። አይጦቹ እንደሌሎቹ አልቀነሱም። አንድ ጤነኛ ቅጂ ያላቸው አይጦች ግን እንደ ጤነኞቹ ቀነሱ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ተቀባዩ የሌላቸውን ሌላ ዓይነት አይጦች ስሊቭ ሠራላቸው። እነዚህ ደግሞ ከጤነኞቹ ባልተናነሰ ቀነሱ። ስለዚህ ጥያቄው «ጂኑ ወይስ ቀዶ ጥገናው?» መሆን የለበትም። የትኛው ቀዶ ጥገና የትኛውን መንገድ ይጠቀማል ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ስሊቭ ኤምሲ4አርን ሳይነካ የሚያልፍበት መንገድ ያለው ይመስላል። ባይፓስ ግን በከፊል በዚያው በር የሚገባ ይመስላል።

አንድ ቅጂ ብቻ የተበላሸባቸውስ?

ይህ ክፍል ለብዙ አንባቢ ከወጣቱ ታሪክ የበለጠ ይጠቅማል። ምክንያቱም ምርመራ አድርጎ «የኤምሲ4አር ለውጥ አለብህ» ከሚባለው ሰው አብዛኛው ባለ አንድ ቅጂ ነው።

ያው የሳን ፍራንሲስኮ ቡድን በዚያው በ2011 ሌላ ጽሑፍ አወጣ። ባይፓስ የተሠራላቸውን 92 ሰዎች ጂን አነበቡ። አራቱ ላይ አንድ የተበላሸ ቅጂ ተገኘ። የነዚህን ክብደት ለውጡ ከሌለባቸው ጋር ሲያስተያዩት ብዙ ልዩነት አላገኙም። የቦስተኑ ጥናትም በሰዎች ላይ ይህንኑ አሳየ።

በ2020 ደግሞ ከኔዘርላንድ ትልቅ ሥራ መጣ። ከባድ ውፍረት ያለባቸው 1,014 ሰዎች ተመረመሩ። 30ዎቹ ላይ ውፍረት የሚያመጣ የጂን ለውጥ ተገኘ። ከነሱ ባይፓስ የተሠራላቸው እንደሌላው ሰው ቀነሱ። ስሊቭ ላይ ግን ሌላ ነገር ታየ። ስሊቩ አልበቃ ብሏቸው በኋላ ወደ ባይፓስ ከተቀየሩት መካከል የጂን ለውጥ ያለባቸው በዝተው ተገኙ። አንድ ቅጂ ለተበላሸበት ሰው እንግዲህ ባይፓስ የተሻለ የሚያዋጣ ይመስላል። ልብ በሉ፣ ተቀባዩ ጨርሶ በሌላቸው እንስሳት ላይ ከታየው ጋር ይህ ተቃራኒ ነው። አንድ ቅጂና ባዶ እጅ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

እዚሁ ጂን ላይ የሚጠቅም ለውጥም አለ። ተቀባዩን የሚያበረታ የሚመስል አንድ የታወቀ ዓይነት አለ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ባይፓስ ከተሠራላቸው ሰዎች መካከል ይህን የያዙት የበለጠ ቀንሰው ተገኝተዋል። ያው ጂን አንዱን ሲጎትተው ሌላውን ይገፋዋል።

ምንም ዓይነት ጎላ ያለ ለውጥ የሌለበት ሰውስ? እሱም ከቤተሰቡ ብዙ ነገር ይወርሳል። ቦስተን ውስጥ በ2011 የታተመ ጥናት ባይፓስ ከተሠራላቸው 848 ሰዎች መካከል 13 ጥንድ የቅርብ የሥጋ ዘመዶችን አገኘ። የጥንዶቹ ውጤት ተቀራራቢ ነበር፤ ልዩነታቸው በአማካይ 9 በመቶ። ሥጋ ሳይዛመዱ አንድ ቤት የሚኖሩ ጥንዶች ልዩነት ግን 26 በመቶ ነበር። ይህ በዘፈቀደ ከተጣመሩ ሰዎች ልዩነት አይሻልም። አንድ ማዕድ የሚቆርሱት ተለያዩ፤ አንድ ደም ያላቸው ተመሳሰሉ።

ይህን ሳነብ የካናዳው ጥናት ትዝ አለኝ። በ1990 የታተመ ነው። 12 ጥንድ አንድ ዓይነት መንትዮች በሳምንት ስድስት ቀን ከሚያስፈልጋቸው በላይ 1,000 ካሎሪ እንዲበሉ ተደረገ። ለ84 ቀን ያህል በዚህ ሁኔታ በሉ። በአማካይ 8 ኪሎ ጨመሩ። አንዱ ግን 4 ኪሎ ገደማ ብቻ ጨመረ፤ ሌላው 13 አለፈ። መንትዮቹ እርስ በርሳቸው ተቀራራቢ ነበሩ። እኩል ምግብ እኩል ውፍረት አያመጣም። እኩል ቀዶ ጥገናም እኩል መቅጠን አያመጣም።

ከዚያ በኋላ የመጣው መድኃኒት

ወጣቱ ሲታከም ያልነበረ መድኃኒት ዛሬ አለ። ሴትሜላኖታይድ ይባላል፤ በመርፌ የሚሰጥ ነው። ሥራው ኤምሲ4አርን በቀጥታ ማንቃት ነው። በ2016 በርሊን ውስጥ ሁለት ታካሚዎች ተሞከረባቸው። የነሱ ብልሽት ከተቀባዩ በፊት ያለው መልእክት ላይ ነበር። አንዱ ታካሚ በ42 ሳምንት 51 ኪሎ ቀነሰ። አሜሪካ በኅዳር 2020 ፈቀደችው። ያኔ የተፈቀደው ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ፒኦኤምሲ፣ ፒሲኤስኬ1 ወይም ሌፕር የሚባሉ ጂኖች ለተበላሹባቸው ሰዎች ነው።

ለወጣታችን ግን ይህ መድኃኒት አይሠራም። በሩ ራሱ ስለሌለ ቁልፉ ምንም አይከፍትም። እዚህ ላይ ነው ትክክለኛ ምርመራ ዋጋው የሚታየው። «ውፍረቱ ከዘር ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም። የትኛው ጂን፣ መንገዱ ላይ የት ጋ፣ ስንት ቅጂ የሚለው ሕክምናውን ይለውጠዋል።

ሊራግሉታይድ የሚባለውም መርፌ አለ። በ2018 የዴንማርክ ተመራማሪዎች አንድ የተበላሸ ኤምሲ4አር ላላቸው ሰዎች ሰጡት። ጂናቸው ደህና ከሆነው ባልተለየ መጠን ኪሎ ቀነሱ። ይህ መድኃኒት ሌላ በር ያውቃል ማለት ነው።

ለሌላ ታካሚ የሚተላለፈው

ቀዶ ጥገና ለማድረግ ያሰበ ሰው ለሐኪሙ መንገር ያለበት የመጀመሪያው ነገር አሁን ያለውን ክብደት አይደለም። ውፍረቱ የጀመረበትን ዕድሜ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላው ከጀመረ፣ ያኔ የማይበርድ ረሃብ ከነበረ፣ በቤተሰቡ በጣም የወፈረ ካለ፣ የጂን ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው። የአሜሪካው የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበርም በ2017 ለልጆች ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያሉትን እንድንመረምር ይመክራል። የልጅነት ፎቶና የክትባት ካርድ ላይ የተጻፈ ክብደት ካለ ይዞ መሄድ ነው። እናት ካለች እሷን መጠየቅ ነው፤ ከማንም በላይ የምታስታውሰው እሷ ናት። በ40 ዓመቱ ከወሊድ፣ ከሥራ ወይም ከኑሮ ለውጥ በኋላ የወፈረ ሰው ግን ይህ ምርመራ ብዙም አይጠቅመው ይሆናል።

ቀዶ ጥገና ማን ያድርግ የሚለውን የሚወስኑት መመሪያዎች የሚመለከቱት የክብደትና ቁመት ንጽጽርንና ተጓዳኝ በሽታን ነው። በ2022 የታደሰው መመሪያ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎታል እንጂ አሠራሩ ያው ነው። ስለዚህ ታካሚው ራሱ ካላነሳው ስለ ጂን የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል።

የምርመራው ውጤት «ለውጥ አለ» ቢል ተስፋ መቁረጥ አይገባም። አንድ ቅጂ ከሆነ ቀዶ ጥገናው ይጠቅማል። ሐኪሙ ጋ ተቀምጦ ስለ ስሊቭና ባይፓስ ልዩነት በደንብ መነጋገር ግን ያስፈልጋል። ሁለቱም ቅጂ ከሆነ ጉዳዩ ከባድ ነው። ያኔ ከቀዶ ጥገናው በፊት «ይህ ላይሠራ ይችላል፤ ካልሠራ ጥፋቱ ያንተ አይሆንም» መባል አለበት። በጽሑፍም ፋይሉ ላይ ቢሰፍር ደስ ይለኛል።

ለኛ ሰው ለብቻው የምነግረው አለ። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ተቀምጣችሁ ብትመረመሩ፣ ወረቀቱ ላይ «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። የአፍሪካ ሕዝብ ጂን ከሌላው ዓለም ሁሉ የበለጠ ብዝኃነት አለው። የጥናት መዝገቦቹ የተሞሉት ግን በአብዛኛው በአውሮፓውያን ዘር ነው። እንዲህ ያለ መልስ በሽታ አለ ማለት አይደለም። የለም ማለትም አይደለም። ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ እንደገና እንዲታይላችሁ ጠይቁ፤ መዝገቡ እየተሻሻለ ይሄዳል።

ወላጆችም አይረሱ። እንደ ወጣታችን ሁለቱም ቅጂ የተበላሸበት ልጅ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ እናቱም አባቱም አንዳንድ የተበላሸ ቅጂ ይዘዋል። እነሱም ሲታገሉ የኖሩት ከዚሁ ጋር ሊሆን ይችላል። በየእርግዝናው አራት ዕድል ቢኖር፣ አንዱ ሁለት የተበላሸ ቅጂ የመውረስ ነው፤ ሁለቱ አንድ የተበላሸ የመያዝ፤ አንዱ ፈጽሞ ነጻ የመሆን። ስለዚህ ታናሽ ሲወለድ በጊዜ ማስመርመር ይቻላል። ክብደቱን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በየወሩ መመዝገብ ይቻላል። ሕፃኑ ጡጦውን ጨርሶ ሌላ ሲጠይቅ፣ ከማዕድ ተነስቶ ተመልሶ ሲመጣ፣ «ሆዳም» ብሎ ከመቆጣት በፊት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ይቻላል።